የባዮሎጂ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የባቄላ ስር እባጮችና ሆርሞኖች

ክበባችን በዘንድሮው የትምህርት ዘመን አብዛኛውን ጊዜውን ያዋለው ባቄላ በስሩ ላይ የሚያወጣውን እባጭ ብዛት የሚወስነው ምንድን ነው በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። የችግኝ ተከላውና የግቢ ጽዳቱ እንደ ወትሮው ስለተከናወኑ እዚህ አልዘረዝራቸውም።

አባላቱ ራይዞቢየም የተባለው ባክቴሪያ በእባጩ ውስጥ ሆኖ የአየሩን ናይትሮጅን ተክሉ ሊጠቀምበት ወደሚችል መልክ እንደሚለውጥ ያውቁ ነበር፤ እባጩን የሚሠራው ግን ተክሉ ራሱ መሆኑን ለመቀበል ጊዜ ወስዶባቸዋል። ስሩ ፍላቮኖይድ የተባሉ ውሁዶችን ወደ አፈሩ ሲለቅ ባክቴሪያው ኖድ ፋክተር በሚባል ኬሚካላዊ ምልክት ይመልሳል፤ በዚህን ጊዜ የሳይቶካይኒን ሆርሞን ሥራ በስሩ ኮርቴክስ (ከስሩ ቆዳ ሥር ባለው የሕዋስ ሽፋን) ውስጥ ይጠነክርና መከፋፈል ያቆሙ ሕዋሳት እንደገና መከፋፈል ይጀምራሉ፣ ኦክሲን የተባለው ሌላ የእድገት ሆርሞንም እባጩ በሚወጣበት ስፍራ ይከማቻል። በ2007 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ ሎተስ ጃፖኒከስ የተባለ ተክል የሳይቶካይኒን ተቀባይ ፕሮቲኑ በሚውቴሽን ምክንያት ያለማቋረጥ ንቁ ሲሆን፣ አንድም ባክቴሪያ ሳይነካው እባጭ ማውጣቱን ሲሰሙ ክርክሩ አበቃ።

ኤቲሊን የተባለው ጋዝ የሆነ ሆርሞን ሚና የዚህ ተቃራኒ ነው፣ እባጭ እንዳይበዛ ይገታል፤ እባጭ የተክሉን ስኳር ስለሚፈጅ ቁጥሩ ልጓም ያስፈልገዋል። ሜዲካጎ ከተባለው የባቄላ ዘመድ ተክል ውስጥ በሚውቴሽን ምክንያት ኤቲሊን የማይሰማው ዓይነት ከመደበኛው ተክል እጅግ የበዛ እባጭ ያወጣል።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ባቄላ ከተዘራበት ማሳ ባመጣነው አፈር በሦስት ምድብ ዘራን፦ አንዱን እንዲሁ፣ አንዱን ዩሪያ ጨምረን፣ አንዱን ደግሞ ኤቲሊን የሚያመነጭ የበሰለ ሙዝ አጠገቡ አድርገን በላስቲክ ሸፍነን። ሲያብብ ነቅለን ስሩን በውኃ አጠብን፤ እንዲሁ ከተተወው ምድብ የተወሰደው እባጭ በምላጭ ሲሰነጠቅ ውስጡ ሮዝ ነበር፣ ይህም ሌግሄሞግሎቢን የተባለው ኦክሲጅን የሚይዝ ቀይ ፕሮቲን መኖሩንና እባጩ በሥራ ላይ መሆኑን ያሳያል። ናይትሮጅን በቀላሉ ያገኘው የዩሪያው ምድብ እባጮቹ ጥቂትና ደቃቅ ነበሩ።

በሙዙ ምድብም እባጭ አንሶ ታይቷል፤ ሆኖም አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ግንዱም አጥሮ ወፍሮ፣ ስሩም ቀጭጮ ሳለ ማነሱን በቀጥታ ለኤቲሊን መስጠት እንደማይቻል ተከራክራለች። በእኔ ግምት የዓመቱ ምርጥ ሥራ ይህ ተቃውሞ ነው። በመሆኑም በሚቀጥለው ዓመት ሙዝ የሌለበት የተሸፈነ ምድብ እንጨምራለን፤ እባጩንም በተክል ሳይሆን በደረቅ ስር ክብደት ልክ እናሰላለን፣ ሚዛኑንም ከኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ለመዋስ ተስማምተናል።