ሰርቨር ከመግዛታችሁ በፊት ንድፍ የሚያወጣ ሰው አሠልጥኑ

ለደሴ ከተማ አስተዳደር ሥራና ስልጠና መምሪያ
ደሴ

ጉዳዩ፦ ለሲስተም አድሚኖች የዳይሬክተሪ ንድፍ ስልጠና እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

በደሴና በኮምቦልቻ በየመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ በመዘርጋትና በመጠገን የምተዳደር ባለሙያ ነኝ። በግልጽ የምጽፈው ጉዳዩ የአንድ ቢሮ ብቻ ስላልሆነ፣ ደብዳቤውም መዝገብ ቤት ገብቶ እንዳይቀር ብዬ ነው።

ከቴክኒክና ሙያ የሚወጡ ልጆቻችን ኬብል መግጠም፣ ስዊች ማገናኘት፣ ኮምፒውተር ፎርማት ማድረግ አሳምረው ያውቃሉ። ሰርቨር ቢሰጧቸውም ዶሜይን፣ ማለትም የቢሮው ተጠቃሚዎችና ኮምፒውተሮች በአንድነት የሚተዳደሩበትን ክልል፣ ፈጥረው በግማሽ ቀን ያስረክባሉ። የሚጎድለው ከዚያ በፊት ያለው ሥራ ነው። ማን ተጠቃሚ ነው፣ ማን ምን ማየት ይችላል፣ መብቱን የሚሰጠውና የሚነሳው ማን ነው፣ አንዱ ሰርቨር ሲወድቅ ምን ይተካዋል የሚለውን በወረቀት ላይ መጨረስ። ዳይሬክተሪ የምንለው የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች፣ ኮምፒውተሮችና ፕሪንተሮች ከነመብታቸው በአንድ ቦታ የሚያዙበትን መዝገብ ነው። መጫኑ ቀላል ነው፤ ከባዱ ንድፉ ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ በዊንዶውስ 2000 ዘመን ለባለሙያዎች ሲፈትን የመጫኑንና የማስተዳደሩን ፈተና ለብቻ፣ የንድፉን ለብቻ አድርጎት ነበር።

ንድፍ የሌለው ቢሮ ምን እንደሚመስል ላስረዳ። ሥራ የሚለቅ ሠራተኛ ክሊራንስ ሲያዞር ንብረት ክፍል ወንበሩንና ቁልፉን፣ ፋይናንስ ዕዳውን አጣርቶ ይፈርምለታል። አካውንቱ መዘጋቱን አረጋግጦ የሚፈርም ግን ቅጹ ላይ የለም። በገባሁባቸው ቢሮዎች ከለቀቁ የቆዩ ሰዎች አካውንት ዛሬም ይሠራል። ሒሳብ ክፍል ያሉት ሁሉ በአንድ ዩዘርኔም ይገባሉ፤ ፓስወርዱም ሞኒተሩ ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የያዘ ተቋም መረጃውን እንዲጠብቅ ግዴታ ጥሎበታል። በዚህ አያያዝ ግን መጠበቁ ቀርቶ ማን እንዳየው እንኳ መናገር አይቻልም።

አድሚኑ ዶሜይኑን ሲከፋፍል መጀመሪያ የሚያየው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን መዋቅር ነው፤ መምሪያ በመምሪያ፣ ቡድን በቡድን ይደረድረዋል። እዚህ አገር መዋቅር ስንቴ እንደሚቀየር ለእናንተ አልነግርም፤ የእናንተም ታፔላ ላይ ያለው ስም የቆየ አይደለም። ሁለት መምሪያ ሲዋሃድ ወይም አንዱ ለሁለት ሲከፈል በኮምፒውተሮቹ ላይ የተጫነው ደንብም፣ ለየአስተዳዳሪው የተሰጠው ውክልናም እንደ አዲስ ይሠራል። ሠልጣኙ መማር ያለበት ክፍፍሉ መዋቅሩን ሳይሆን ሁለት ጥያቄዎችን መከተል እንዳለበት ነው፤ ኮምፒውተሮቹን ማን ያስተዳድራቸዋል? የትኛውስ ደንብ በየትኞቹ ላይ ይውላል? የሰዎች መብት በግሩፕ፣ ማለትም አንድ ዓይነት መብት ያላቸው ሰዎች በሚመዘገቡበት ዝርዝር፣ ይያዛል፤ ሰው ከቡድን ቡድን ሲዛወር ግሩፑን መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው።

ስምም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ኤልዳፕ የሚባለው የዳይሬክተሪ መግባቢያ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ መሠረቱ ከዚያ በፊት የነበረው ኤክስ 500 የተባለው የዳይሬክተሪ ደረጃ ነበር። በዚህ ደረጃ መሠረት ሰው ተብሎ የሚመዘገብ ሁሉ የቤተሰብ ስሙ ባዶ መሆን አይችልም። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ አድሚን የአባት፣ ሌላው የአያት ስም ይሞላበታል። ወሎ ውስጥ ሰይድ መሐመድ ወይም አሕመድ አሊ የሚባል ሰው በአንድ ቢሮ ሁለትና ሦስት መገኘቱ ብርቅ አይደለም፤ መሐመድ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ እንደ ጸሐፊው ይለያያል። በእኔ እምነት ዩዘርኔሙ ከስም ሳይሆን ከሠራተኛው መለያ ቁጥር ቢወጣ ይሻላል። ይህን የሚወስነው ግን ከሰው ሀብት ጋር ቁጭ ብሎ የተማከረ አድሚን ነው።

ሰዓትም አለ። ዶሜይን ሰውን የሚያረጋግጥበት ከርበሮስ የተባለው ሥርዓት፣ ካልተቀየረ በስተቀር፣ በሰርቨሩና በኮምፒውተሩ ሰዓት መካከል ከ5 ደቂቃ የበለጠ ልዩነት አይቀበልም። እኛ ዘንድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሩንም 2:00 ላይ የሚያስተካክል ሠራተኛ ሞልቷል፤ ያ የ6 ሰዓት ልዩነት ነው። የማዘርቦርድ ባትሪው ያለቀ አሮጌ ማሽን ደግሞ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ሠራተኛው «ሲስተም የለም» ይላል፤ ባለጉዳዩም ነገ ና ተብሎ ይሸኛል። በደንብ የተነደፈ ዶሜይን ሠራተኛው ሰዓቱን እንዳይነካ ከልክሎ ሁሉም ማሽን ከአንድ ምንጭ እንዲያነብ ያደርጋል።

ዋና ቢሮው ደሴ፣ ቅርንጫፉ ኮምቦልቻ የሆነ ተቋም ሌላ ጥያቄ ይገጥመዋል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ሆኖም አክቲቭ ዳይሬክተሪ በተባለው የማይክሮሶፍት ዳይሬክተሪ በሁለት ሳይት፣ ማለትም በተለያየ ቦታ፣ ያሉ ሰርቨሮች ለውጥ የሚለዋወጡት ካልተነካ በየ180 ደቂቃው ነው፤ እስከ 15 ደቂቃ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ደሴ ላይ አካውንቱ የተዘጋበት ሰው ኮምቦልቻ ላይ ለሦስት ሰዓት ያህል መሥራት ሊቀጥል ይችላል ማለት ነው። ገንዘብ በሚንቀሳቀስበት ቢሮ ይህ ቀላል አይደለም።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ላይ የሆነውን ማስታወስ ግድ ነው። ከተማችን በጦርነቱ ተይዛ በነበረበት ጊዜ ሆስፒታሉም፣ ዩኒቨርሲቲውም፣ መሥሪያ ቤቶቹም ተዘርፈዋል። ኮምፒውተር በግዥም በድጋፍም ይተካል። መዝገቡ ግን ቅጂው ሌላ ከተማ ካልተቀመጠ አይተካም። ቅጂውም ትኩስ መሆን አለበት። በተለመደው አሠራር 180 ቀን ያለፈው ባክአፕ፣ ወይም ያን ያህል ተቋርጦ የቆየ የዶሜይን ሰርቨር፣ ወደ ሥራ መመለስ የለበትም፤ የተሰረዙ አካውንቶችን መልሶ ሊያስነሳ ይችላልና። ሰርቨር ሸሽጎ ያተረፈ ሰው ምስጋና ይገባዋል፤ ማሽኑን ከወራት በኋላ ዝም ብሎ ሶኬት ላይ መሰካት እንደማይቻል የነገረው ግን አለ?

የምጠይቀው አበል ተከፍሎበት፣ ሰርቲፊኬት ታድሎ የሚያልቅ የሆቴል አዳራሽ ሴሚናር አይደለም። ሠልጣኞቹ አሁን በየቢሮው ያሉት የአይሲቲ ባለሙያዎች ይሁኑ፤ እያንዳንዱ የራሱን መሥሪያ ቤት ይዞ ይምጣ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰርቨር አይነካም፤ ሰው ይጠየቃል፣ ይጻፋል። ከዚያ ንድፉን በሰው ሀብትና በፋይናንስ ኃላፊዎቹ ፊት ይከላከል። በመጨረሻ መዛኙ ሳያስጠነቅቅ አንዱን ሰርቨር ያጥፋበትና ከባክአፕ ሲመልስ ይየው። ለመለማመጃ ውድ ዕቃ አያስፈልግም፤ ሳምባ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ የአክቲቭ ዳይሬክተሪ ሰርቨር ሆኖ መሥራት ስለሚችል የላይሰንስ ዋጋ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

«ብናሠለጥናቸው ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ» እንደምትሉ አውቃለሁ። ይሄዳሉ፤ ደመወዝ ሳይጨመር በኮሚቴ ብቻ ማስቀረትም አይቻልም። ለዚህ ነው ከየቢሮው ሁለት ሰው ይሠልጥን፣ ንድፉም ተጽፎ በመሥሪያ ቤቱ እጅ ይቅር የምለው። ዛሬ ባለሙያው ሲሄድ ፓስወርዱንም ይዞት ይሄዳል።

አንድ ነገር ደግሞ ለከተማ አስተዳደሩ በእናንተ በኩል እንዲቀርብ እጠይቃለሁ፦ ከዚህ በኋላ ሰርቨር ለመግዛት የሚቀርብ ጥያቄ የተጻፈና የጸደቀ የዳይሬክተሪ ንድፍ ካልተያያዘበት ለጨረታ እንዳይቀርብ። ስልጠናው ለኮምቦልቻ ባለሙያዎችም ክፍት ይሁን፤ ለመጀመሪያው ዙር የመለማመጃ ማሽኖቹን ያለ ክፍያ አዘጋጃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የኔትወርክ ባለሙያ፣ ደሴ

ግልባጭ
ለደሴ ከተማ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ለኮምቦልቻ ከተማ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት