ቅዳሜ ልጆቻችን ስለሚያዘጋጁት ምሳ

ሰላም የብሎካችን ወላጆች፣

ቅዳሜ ነሐሴ 2 ልጆቻችን እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ዙሪያ ላሉ ለተቸገሩ እኩዮቻቸው ምሳ ሊያዘጋጁ ነው። ፈቃዳችሁንና እገዛችሁን እጠይቃለሁ።

ሐሳቡ የራሳቸው ነው። አንዷ ልጃችን ዳቦዋን ገምሳ ግማሹን በሶፍት ጠቅልላ ለክፍል ጓደኛዋ ስትደብቅ እናቷ አየቻት፤ ከዚያ ሌሎቹም ተከተሉ። በከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ቁርስና ምሳ ይመገባሉ። ክረምት ሲሆን ግን ልጆቹ ቤት ይውላሉ፤ በቀን ሥራ በሚተዳደር ቤት ደግሞ ዝናብ በጣለ ቁጥር ሥራም ምሳም ይጠፋል።

ጠዋት 3 ሰዓት ኮሚናሉ (የጋራ መገልገያ ቤታችን) ውስጥ እንገናኝ፤ ምሳ 6 ሰዓት ላይ ይቀርባል። ፍልሰታ ስለሆነ ምግቡ የጾም ይሁን፤ ለሁሉም ይስማማል። ንፍሮ፣ ድንች በካሮትና ዳቦ አስበናል። ስንዴና ሽምብራ የምትሰጡ እስከ ዓርብ ረፋድ አድርሱልን፣ ማታውን መዘፍዘፍ አለበት። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ከየቤቱ አንድ አንድ ጀሪካን ይምጣ። ልጆቹ ይለቅማሉ፣ ያጥባሉ፣ ያቀርባሉ፤ እሳቱ ጋ አዋቂ ብቻ ነው የሚቆመው።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፦ ፎቶ አናንሳ። እንግዶቹ ልጆችም ተሰልፈው አይቀበሉም፤ ከልጆቻችን ጋር አንድ ላይ ተቀምጠው ይበላሉ፣ ከዚያ አብረው ይጫወታሉ።

ስንት ልጅ እንደምትልኩና ምን እንደምታመጡ እስከ ረቡዕ ማታ እዚሁ ጻፉልን። ምግብ ለማብሰል ሦስት እናቶች ወይም አባቶች ያስፈልጉናል።