ማሽኑ ተገዛ፣ ማን ያስተካክለው?

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጅ፣ ትናንሽ ድርጅቶች የመንግስት ሆስፒታሎች የሚያወጡትን የመስሚያ ማሽን ጨረታ ለምን እንደማያሸንፉ ያወጣችሁትን ጽሁፍ አነበብኩት፣ ጥሩ ነው ግን "አቅም የላቸውም" የምትለዋ ላይ ስደርስ ዝም ማለት አቃተኝ። ቀድሜ ልናገር፣ እኔም የምሰራው እንደዚህ አይነት ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው፣ ስምንት ሰው ነን፣ ስለዚህ ጥቅሜ የት ጋ እንዳለ እያወቃችሁ አንብቡት።

ይሄ አቅም የሚባለው ነገር ሰነዱ ላይ በምን እንደሚለካ ታውቃላችሁ? በሽያጭ ነው። የሶስት አመት የኦዲት ሪፖርት፣ የኮንትራቱን ብዙ እጥፍ የሚሆን አመታዊ ተርንኦቨር (ጠቅላላ የሽያጭ ገቢ)፣ ከባንክ የጨረታ ማስከበሪያ፣ ከዛ ደግሞ "ከዚህ በፊት ለመንግስት ተመሳሳይ ስራ ለመስራትዎ ማስረጃ"። የመጨረሻው ሁሌ ያስቀኛል፣ ካላስገባችሁኝ ማስረጃውን ከየት ላምጣው? የአውሮፓ ህብረት እንኳን በ2014 ባወጣው የግዥ መመሪያ የሚጠየቀው አመታዊ ገቢ ልዩ ምክንያት ከሌለ ከኮንትራቱ ግምት ከሁለት እጥፍ እንዳይበልጥ ገድቦታል፣ ትልቅ ግዥ ሲሆን በሎት፣ ማለትም ለየብቻ መወዳደር በሚቻልባቸው ትናንሽ ክፍሎች፣ ከፋፍሉት፣ ካልከፋፈላችሁ ደግሞ ለምን እንደሆነ ጻፉ ይላል። እኛ የምንገባባቸው ጨረታዎች ላይ ሎት የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም፣ ሁሉንም ወይ ታቀርባለህ ወይ ትወጣለህ።

አለም ላይ የሚሸጠው አብዛኛው የመስሚያ ማሽን የአምስት ግሩፖች ነው፣ ሶኖቫ፣ ዴማንት፣ ደብሊውኤስ ኦዲዮሎጂ፣ ጂኤን እና ስታርኪ። ስድስት ነበሩ፣ በ2019 ሲቫንቶስና ዋይዴክስ ተዋሃዱና አምስት ሆኑ። እቃቸው መጥፎ ነው ብዬ አልዋሽም፣ ለእናቴ ራሱ የገጠምኩላት ከነሱ የአንዱን ነው። ግን እናቴ የምትሰማው ማሽኑ ጥሩ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ ልጇ በየወሩ ስለሚያስተካክልላት ነው።

ጨረታ ላይ የሚታየው የአንዱ ማሽን ዋጋ ነው፣ ከካርቶኑ ከወጣ በኋላ ያለው ስራ ግን እዛ ዋጋ ውስጥ የለም። በኦዲዮግራሙ (የሰውየው የመስማት ምርመራ ውጤት) መሰረት ለየፍሪኩዌንሲው፣ ከወፍራም እስከ ቀጭን ድምጽ፣ ፕሮግራም ይደረጋል፣ የጆሮ ሞልድ፣ ማለትም በጆሮው ቅርጽ ልክ የሚወጣ መግጠሚያ፣ ይሰራል፣ ከዛ ቀጭን ቱቦ ያለው ማይክ ጆሮ ውስጥ ገብቶ ድምጹ ታምቡሩ ጋ ስንት ሆኖ እንደሚደርስ ይለካል፣ ሰውየው ደግሞ ከሁለት ሶስት ሳምንት በኋላ "የሰሃን ድምጽ ጆሮዬን በሳው" ብሎ ይመለሳል፣ ትክክል ነው፣ ለአመታት ያልሰማውን ድምጽ ነው የሰማው፣ እንደገና ቁጭ ብሎ ማስተካከል ነው። አንድ ትልቅ ድርጅት ጨረታውን ካሸነፈበት ቦታ ማሽን የተሰጣቸው አንድ አባት እኛ ጋ መጡ፣ ማሽኑን መሳቢያ ውስጥ ከተውት ነበር፣ "ተበላሽቷል" አሉኝ። ምንም አልሆነም። የተሰጣቸውን ስድስት ባትሪ ለነገ ይዘጋጅ ብለው ሁሉንም ልጣፉን ልጠው ነው ያስቀመጡት፣ ዚንክ ኤር ባትሪ ደግሞ ልጣፉ ከተነሳ አየር እየገባው ብትጠቀምበትም ባትጠቀምበትም ያልቃል። የሁለት ደቂቃ ምክር ነበር፣ ማንም አልነገራቸውም፣ ምክር የሚባል መስመር የጨረታው ስፔሲፊኬሽን (የሚፈለገው ነገር ዝርዝር) ላይ የለማ።

"ትንሹ ድርጅት ነገ ቢዘጋስ?" የሚለውን እቀበለዋለሁ፣ እውነተኛ ስጋት ነው። እያንዳንዱ ብራንድ ፕሮግራም የሚደረገው በራሱ ሶፍትዌር ስለሆነ ድርጅቱ ከጠፋ ማሽኑ ወላጅ አልባ ይሆናል። ታዲያ መፍትሄው እኛን በር ላይ ማስቀረት ነው? ሶፍትዌሩንና የፕሮግራም ኬብሉን ለሆስፒታሉ አስረክቡ፣ የተወሰነ አመት መለዋወጫ አስቀድማችሁ አስቀምጡ ብላችሁ ውል ውስጥ አስገቡት፣ እንፈርማለን። ደግሞ እኮ ትንሽ ድርጅት የሚዘጋው ብዙ ጊዜ ስራ ስለማይችል ሳይሆን ላስረከበው እቃ ክፍያ እየጠበቀ ነው፣ ትልቁ ስድስት ወር መጠበቅ ይችላል፣ እኛ በሁለተኛው ወር ደሞዝ መክፈል ያቅተናል።

የአለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው ሪፖርት ከ430 ሚሊየን በላይ ሰው የመስማት ማገገሚያ አገልግሎት ይፈልጋል፣ በ2050 ደግሞ ከ700 ሚሊየን ያልፋል ብሏል። ይሄን ሁሉ ሰው አምስቱም ሆኑ እኛ ብቻችንን አንችለውም፣ እሱ ግልጽ ነው። ሎት ከፍላችሁ፣ ለገጠማና ለክትትል ነጥብ ስጡ፣ ከዛ በነጥብ እንሸነፍ፣ አይከፋኝም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ፣ የሚቀጥለው ጨረታ ሲወጣ ጋዜጠኛ ልካችሁ ባለፈው ዙር ከተገዙት ማሽኖች ስንቱ ዛሬ ሰው ጆሮ ላይ እንዳለ ጠይቁልን። ስንት ተገዛ የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል።

አንድ የመስሚያ ማሽን ቴክኒሻን