ለጸሎት ቡድናችን አባላት

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወንድሞችና እህቶች፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ባለፈው ሳምንት ስንጸልይ አንድ ነገር ልቤን ነካኝ፣ ሁላችንም "እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ" ብለን ጀመርን፣ በኋላ ግን ከመሀላችን ስንቱ ተሰብሮ እንደመጣ አየን፣ እኔም አንዱ ነበርኩ። ወራት ሙሉ ስጸልይ የነበረው አፌ ብቻ ነው፣ ልቤ ዝም ብሎ ነበር።

እስቲ ሐናን አስቧት፣ መውለድ አቅቷት እያለቀሰች ስትጸልይ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ ያየው ካህኑ ዔሊ የሰከረች መስሎት ገሰጻት፣ እሷ ግን ነፍሴን በእግዚአብሔር ፊት አፈሰስኩ ነው ያለችው። ሳሙኤልን ካገኘች በኋላም አልጠፋችም፣ እዛው የእግዚአብሔር ቤት ተመልሳ መጥታ ዘመረች። እኛ ብዙ ጊዜ የሚያቅተን ይሄኛው ነው፣ ጭንቅ ላይ እንሮጣለን፣ መልሱ ሲመጣ ግን ፕሮግራማችን ይሞላል።

መዝሙር 88ንም (በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱሶች ቁጥሩ 87 ነው) አንብቡት በናታችሁ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጩኸት ነው፣ መጽናኛ ሳያገኝ ያልቃል፣ ሆኖም ከ150ዎቹ አንዱ ሆኖ ተቀምጧል። ማልቀስ እምነት ማጣት ነው ያለን ማነው?

ሐሙስ ስንገናኝ ማንም ቃላት እንዳያሳምር፣ የተደሰተ ደስታውን፣ የተናደደም ንዴቱን ይዞ ይምጣ፣ መናገር ያቃተው ዝም ብሎ ይቀመጥ፣ አብረነው እንቀመጣለን።