የካርድ ክፍሉ ሶፍትዌር ሲቀየር ጳጉሜንን አትርሱ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ሆስፒታሎች ወረቀት አልባ ሊሆኑ ነው፣ የድሮው የካርድ ሶፍትዌር በአዲስ ሊተካ ነው የሚል ዜና በየጊዜው እናነባለን። ስንት ኮምፒውተር እንደተገዛ ይነገረናል። በድሮው ውስጥ የተከማቸው የታካሚ መረጃ ወደ አዲሱ እንዴት እንደሚሻገር ግን አንድ መስመር አይጻፍም። ሥራው የሚበላሸው ደግሞ እዚያው ላይ ነው።

ቀኑን እንውሰድ። ጳጉሜን 5 ቀን 2012 የተወለደ ሕፃን በድሮው መዝገብ 5/13/2012 ተብሎ ይገኛል። በፈረንጅ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 10 ቀን 2020 ማለት ነው። ወርን ከቀን የሚያስቀድም ፕሮግራም ግን ሜይ 13 ቀን 2012 ብሎ ያነበዋል፤ ስህተት አለ ብሎም አይጮኽም። ሕፃኑ ሳይታሰብ ከስምንት ዓመት በላይ ይጨመርበታል፤ በዕድሜ የሚሰላ ሁሉ፣ ክትባቱም የመድኃኒት መጠኑም፣ አብሮ ይዛባል። ጥቅምት 30 ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው ብሎ የሚያስብ ፕሮግራም 30/2ን ጨርሶ አይቀበልም፤ ሰልፍ የተደረደረበት የካርድ ሠራተኛም 28 ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ከሽግግሩ በፊት በእያንዳንዱ የልደት ቀን ስንት ሰው እንደተመዘገበ ይቆጠር። ጥቅምት 28 ካበጠና 30 ባዶ ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው።

ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ደምሮ መገላገልም አያዋጣም፤ መስከረም 1 አንዳንዴ ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንዴ 12 ላይ ይውላል። ዳታቤዙ ቀንን በአንድ አቆጣጠር ብቻ ይያዝ፣ ስክሪኑ በኢትዮጵያ ያሳይ፤ ልደቱ በግምት የተሞላ ከሆነም «በግምት» የሚል ምልክት ይኑረው። «የውጭ ሶፍትዌር የእኛን ካሌንደር አያውቅም» የሚለው ሰበብ አይሠራም። ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመነጨውና ጤና ሚኒስቴር ለሪፖርት የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሶፍትዌር ያውቀዋል።

ስም ከዚህ ይብሳል። ኃይሉ፣ ሀይሉ እና ሃይሉ ለኮምፒውተር ሦስት ሰው ናቸው፤ ወ/ማርያም እና ወልደማርያምም እንዲሁ። መፍትሔው የተጻፈውን ስም ሳይነኩ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የሚያመጣና አጽሕሮቱን የሚፈታ ሌላ የመፈለጊያ ዓምድ መጨመር ነው። ተመሳሳይ የሚመስሉ ካርዶችን ግን ማሽን በራሱ አያዋህድ። የአያት ስም፣ ቀበሌና ስልክ ተመሳክሮ ሰው ይወስን። አንድ ሰው ሁለት ካርድ ቢኖረው ካርድ ክፍሉ ይቸገራል፤ የሁለት ሰው ካርድ አንድ ላይ ሲቀላቀል ግን የአንዱ የመድኃኒት አለርጂ በሌላው ስም ይገባል።

የአማርኛ ፊደል ለዓለም ፊደላት ሁሉ የኮምፒውተር መለያ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያም በኋላ የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ በሚያስቀምጡ የድሮ ፎንቶች መጻፉ ቀጥሏል። እንዲህ የተጻፈ የሐኪም ማስታወሻ እንዳለ ከተገለበጠ በአዲሱ ስክሪን የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። ለእያንዳንዱ ፎንት የራሱ መቀየሪያ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል።

የሽግግሩ ሙከራ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይደረግ። በእያንዳንዱ ዙር 200 ካርድ በዕጣ ወጥቶ ከወረቀቱ ጋር መስመር በመስመር ይነጻጸር፤ የመዝገቦቹ ብዛት መግጠሙ ብቻ ምንም አያረጋግጥም። አዲሱ ሥራ ከጀመረ በኋላም የድሮው ለማንበብ ብቻ ክፍት ሆኖ ቢያንስ አንድ ዓመት ይቆይ። የመጠባበቂያ ቅጂ አለ ከተባለ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተመልሶ ተከፍቶ ይታይ፤ ተከፍቶ ካልታየ የለም።

ጨረታ ለሚያወጡ ኃላፊዎች አንድ ጥያቄ አለን፦ ውሉ ላይ መረጃው የጤና ተቋሙ ንብረት መሆኑ፣ አቅራቢውም ሲጠየቅ የዳታቤዙን ሙሉ ቅጂ ከዓምዶቹ መግለጫ ጋር ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደሚያስረክብ ሰፍሯል? ካልሰፈረ ከመፈረሙ በፊት ይግባ።

የጤና መረጃ ሥርዓት ባለሙያዎች
ከአዲስ አበባ