ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለላክሽው የልብ እንክብል

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የደብረ ብርሃንን ብርድ መቼም ታውቂዋለሽ።

ለልብና ለደም ሥር ብለሽ የላክሻቸው ብልቃጦች ደርሰዋል። እጅሽ ይባረክ። ማንም ሳይነካቸው በፊት ይዣቸው ፋርማሲ ሄድኩ። ባለሙያዋ የእናትሽን መድኃኒት ስትሰማ ቫይታሚን ኬ2 የሚለውን ወዲያው ለብቻው አስቀመጠችው። እናትሽ የልብ ቫልቩ ከተቀየረላት ጀምሮ ዋርፋሪን ላይ ናት። ዋርፋሪን ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው የቫይታሚን ኬን ሥራ እያገደ ነው። ቫይታሚኑን በላዩ ከጨመርሽበት መድኃኒቱ ይደክማል፤ ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። ቫይታሚኑ ያለበትን ጎመን እንኳ ቢሆን ብይ፣ ግን አንዴ አብዝተሽ አንዴ አትተዪው ተብላለች። የነጭ ሽንኩርቱ እንክብል ደግሞ በተቃራኒው መድማትን ሊያባብስ ይችላል። ወጥ ውስጥ የሚገባው ይበቃናል።

የዓሣ ዘይቱ ለእኔ መሆኑ ገብቶኛል። አሜሪካ ውስጥ ወደ 26 ሺህ በሚጠጉ ሰዎች ላይ ተሞክሮ፣ ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። በቀን 1 ግራም የወሰዱት ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ፣ የልብ ሕመም፣ ስትሮክና በዚሁ የመጣ ሞት ተደምሮ ሲታይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ደሙ ውስጥ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ስብ ለበዛበት ሰው ሐኪም የሚያዘው የዓሣ ዘይት መድኃኒት ሌላ ነው። ደግሞስ ሽፋኑ ጄላቲን ነው፤ ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት የሚወጣ። በጾም ይህን ልዋጥ?

የዓሣ ዘይቱ የሚፈለገው ኦሜጋ 3 ለሚባለው ስብ ከሆነ፣ የዕፅዋቱ ዓይነት ተልባ ውስጥ ሞልቷል። ገብሳችንንም አትናቂው። ቤታ ግሉካን የሚባል አሰር አለው፤ በቀን 3 ግራም ያህሉ ኮሌስትሮልን ዝቅ ያደርጋል። እዚያው እናንተ ዘንድ አሜሪካ መንግሥት በ2006 እ.ኤ.አ. የገብስ ምግብ ማሸጊያ ላይ ለልብ ይረዳል ተብሎ እንዲጻፍ ፈቅዷል። የመንዝ ሰው በሶውን የሚበላው ፈቃድ ሳይጠይቅ ነው።

የግፊት ኪኒኔን ሳላቋርጥ እወስዳለሁ። ጨው ቀንሻለሁ፤ እናትሽ ወጡ አልጫ ሆነ እያለች ታጉረመርማለች።

ገንዘብሽን ካወጣሽ አይቀር የግፊት መለኪያ ላኪልኝ። አንጓ ላይ የሚታሰረውን ሳይሆን የክንዱን። ክንዴ ወፍራም ነውና ማሰሪያው ሰፊ ይሁን። ለእናትሽ ሌላ ነገር ካማረሽ ደግሞ፣ ከመግዛትሽ በፊት የጽሑፉን ፎቶ በቴሌግራም ላኪና ለሐኪሟ ላሳይ።

አባትሽ
ደብረ ብርሃን