ፕሪሙን አትቁረጠው

ይድረስ ለውድ ልጄ፣ ደብረ ብርሃን፤

አክስትህ ለጊዮርጊስ ክብረ በዓል አንኮበር በመጣች ጊዜ፣ የጓሮህን ፕሪም «አበባ እንጂ ፍሬ የለውም» ብለህ ልትቆርጠው መጥረቢያ ማሳልህን ነግራኝ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርሁ። ልጄ፣ እባክህ አትቁረጠው።

በየዓመቱ እንዲያ ነጭ ለብሶ የሚያብብ ዛፍ በሽተኛ አይደለም። የጃፓን ፕሪም የሚባለው ዘር፣ ከጥቂት ዝርያዎቹ በቀር፣ በራሱ የአበባ ብናኝ ስለማያፈራ፣ በአንድ ጊዜ አብሮት የሚያብብ ሌላ የፕሪም ዝርያ በአቅራቢያው ሊኖርና ንብ በሁለቱ መካከል ልትመላለስ ይገባል። የጎረቤትህ ኮክ ይህን አይተካም። ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ብርዱ ሲጠና ንብ ከቀፎዋ ስለማትወጣ ዛፎቹ በተቀራረቡ ቁጥር ይሻላል። አንተም ብትሆን ማለዳ ያለ ጋቢ አትውጣ።

የአያትህን ፕሪም አንተ አልደረስህበትም። ፍሬው ሲደርስ እናቴ በሰፌድ እየሞላች ለየቤቱ ትልክ ነበር፤ እኛም ከሥሩ ተኮልኩለን ቀሚሳችን በጭማቂው እስኪቀላ ድረስ እንበላ ነበር። ከአጥሩ ማዶ የነበረው የጎረቤታችን ቢጫ ፕሪም ተቆርጦ በቦታው ቤት ሲሠራ፣ የእኛ ቀዩ በዚያው ፍሬ ነሣን። አባቴ የሰው ዓይን ነው ብሎ አመነ፤ ጠበል አስረጨው፤ ኋላም ተስፋ ቆርጦ በገዛ እጁ ለማገዶ አዋለው። ምክንያቱን ሳያውቅ፣ ጎረቤቱንም እንደ ጠረጠረ መሞቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አንተ ግን ምክንያቱን እያወቅህ ብትቆርጠው አዝንብሃለሁ።

ክረምት ሲገባ ሌላ ዝርያ የተዳቀለበት የፕሪም ችግኝ ገዝተህ ከዛፉ ከ15 ሜትር ባልራቀ ቦታ ትከል። ሥሩ ውኃ ካቆረበት ስለሚበሰብስ፣ አፈሩ መረሬ ከሆነ መደቡን ከፍ አድርገህ ሥራው። ቦታ ከጠበበህም አትቁረጠው፤ ቅጠሉ በረገፈበት ወራት ሙያው ያለው ሰው የሌላውን ዝርያ ቅርንጫፍ እዚያው ላይ ያዳቅልልህ። ፍሬ ሲበዛበት ቅርንጫፉ እንዳይሰበር ገና ጥሬ ሳለ አሳሳው።

ችግኙን ስትገዛ የዝርያውን ስም ጠይቀህ ላክልኝ፤ ከቆመው ዛፍ ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ድካምህ ከንቱ ነውና፣ ሳልመልስልህ እንዳትተክለው።

የምትወድህ እናትህ፣
ከአንኮበር